ክብደቴ እስኪቀንስ ልጠብቅ ወይስ ግላይደሩን አሁን ልጀምር?

ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) ካበረርክ ሦስት ዓመት ሊሞላህ ነው፣ በመሃል 14 ኪሎ ጨምረሃል፣ አሁን ጂም ገብተሃል። መጀመሪያ ክብደቴን ላስተካክል ወይስ የማደሻ ሥልጠናውን ልውሰድ ነው ያልከው።

ወንድሜ፣ ሥልጠናውን ጀምር። እኔም እዚሁ ቨርጂንያ እንዳንተው ሆኜ ነበር። "ትንሽ ልክሳና" እያልኩ ስድስት ወር ጠበቅኩ። አምስት ኪሎ ወረደልኝ፣ እጄ ግን ጭራሽ ዛገ።

ሕጉ ያን ያህል አያስፈራም። እዚህ አሜሪካ በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር የበረራ ግምገማ ማድረግ ግድ ነው። ቢያንስ 1 ሰዓት የመሬት ላይ ትምህርት አለው፤ ለግላይደር ደግሞ በ1 ሰዓት በረራ ፋንታ 3 የሥልጠና በረራ ይበቃል። ፈተና አይደለም፣ አስተማሪው ካልረካ ሌላ ቀን ይደገማል። የሐኪም ሰርተፊኬትም ለግላይደር አይጠየቅም፤ ለመብረር የማያበቃ ሕመም እንዳለብህ እያወቅህ መነሳት ግን ክልክል ነው። ሦስቱ በረራ ትንሹ ቁጥር መሆኑን አትርሳ። እኔ ዘጠኝ ነው የፈጀብኝ፣ አላፍርበትም።

ለምን ዘጠኝ? በሁለተኛው በረራ ሞተር ያለው አውሮፕላን በገመድ እየጎተተን እየወጣን ነው። ጎታቹ አውሮፕላን ድንገት ጭራውን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጀመረ። እጄ ቀጥታ ወደ ቢጫዋ የገመድ መልቀቂያ ሄደ። አስተማሪዬ ከኋላ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር፣ "ምን እያለህ ነው?" አለኝ። ደርቄ ቀረሁ። ክንፉን ቢያወዛውዝ "አሁኑኑ ልቀቅ" ማለት ነው። ጭራውን ሲያወዛውዝ ግን "ስፖይለርህን እይ" ነው፤ ስፖይለር ክንፉ ላይ የሚነሳ፣ አውሮፕላኑን ቶሎ ዝቅ የሚያደርግ ሰሌዳ ነው። ዞር ብዬ ክንፌን ሳይ ስፖይለሩ ተከፍቷል። ለካ ሽማግሌው እኔ ገመዱ ላይ ሳፈጥ ቀስ ብሎ ከፍቶት፣ ከጎታቹ ጋርም አስቀድሞ ተነጋግሮ ኖሯል! ዝቅ ብለን ሳለን ስፖይለሩ እንደተከፈተ ገመዱን ብለቅ ኖሮ የት እንደምንወርድ አስበው። ይህንን ትሬድሚል ላይ ሆነህ አታስታውሰውም።

የገመድ መበጠስ ልምምድም እንደዚያው ነው። 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ገደማ ስትደርስ ጮክ ብለህ "ሁለት መቶ" በል። ከዚያ በታች ከተበጠሰ ፊት ለፊትህ ያለው ሜዳ ነው ያለህ። ከዚያ በላይ፣ ነፋሱንና ቦታውን አይተህ፣ መመለስ ይቻል ይሆናል። አስተማሪዬ ገመዱን መጀመሪያ ሲለቅብኝ ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም ብዬ ነበር። በዚያ ከፍታ ሦስት ሰከንድ ብዙ ነው።

ወደ ክብደቱ ልምጣ። መስታወቱን ሳይሆን ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ የተለጠፈውን የክብደት ወሰን ሰሌዳ እይ። እኔ የምበርበት ኤኤስኬ 21 የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ግላይደር ለአንድ መቀመጫ እስከ 110 ኪሎ ነው የሚፈቅደው፣ ከፓራሹቱ ጋር። ቤት 98 ነበርኩ። ልብስ፣ ጫማና ፓራሹት ሲጨመር 107 ሆንኩ። በዚያ ጠዋት ቁርሴን በጥንቃቄ በላሁ! አንተ ከወሰኑ በላይ ከሆንክ፣ ልትጠብቀው የሚገባው ኪሎ እሱ ብቻ ነው። የቀረው ለራስህ ጤና ነው፣ በሂደት ይወርዳል።

ደግሞ ታችኛውም ወሰን አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በዚሁ አውሮፕላን ከ70 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ብቻውን ከፊት ሲቀመጥ ማካካሻ ክብደት ይጫንለታል። ፊቱ ከቀለለ የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ሊወድቅ ይቀለዋል፣ ከዚያ ማውጣቱም ይከብዳል። ስለዚህ በየጊዜው ስትከሳም ተመዘን።

አሁን የኔን ጥፋት ልንገርህ። የጸደይ ማደሻ በረራ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ቅዳሜና እሁድ ችግር የለውም፣ ጠዋት በልተህ ትወጣለህ። እኔ ግን ዓርብ ቀን ቀጠሮ ያዝኩ። ጠዋት 8 ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ፣ በኮክፒቱ የመስታወት ክዳን ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው በረራ ላይ ለማረፍ ስዞር ፍጥነቴ እየወረደ መሆኑን ያየው አስተማሪዬ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እግሬም ፔዳሉ ላይ እንቅ ብሎ ያዘኝ። ወርደን ጾም ላይ ነኝ ስለው ተቆጣ፣ "ለምን አልነገርከኝም?" ብሎ። የንስሐ አባቴ ደግሞ ስነግራቸው ሳቁብኝና "ወይ ጹም ወይ ብረር፣ ሰው ይዘህ አትውደቅ" አሉኝ። ረመዳን ለሚጾሙ ወንድሞችም ነገሩ ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ከበረራ በፊት ባለው ቀን እግር አልሠራም፣ ረጅም ሩጫም የለም። ጂም ውስጥ አንገትና ጀርባ ላይ አተኩራለሁ። ወደ ላይ የሚያነሳህን ሙቅ አየር ፍለጋ ስትዞር አንገትህ ሌላ ግላይደር ፍለጋ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል፤ ማታ የሚያመኝ እሱ ነው። ግላይደር ሜዳው ላይ መግፋቱን እንደ ስፖርት ቁጠረው፣ ላብ በላብ ትሆናለህ።

ዛሬ ለአስተማሪህ ደውልና ትክክለኛ ኪሎህን ንገረው፣ ሳትቀንስ። የሚስማማህን አውሮፕላን የሚመርጥልህ በዚያ ኪሎ ነው። ከሆነልህ ቀጠሮህን ቅዳሜ አድርገው፣ ስትነሳ ክንፍ ልይዝልህ እመጣለሁ።