ሁለቱን እጅ ነክቶ ስለወደቀው ኳስ

ይድረስ ለናንተ፣ በአሜሪካን ፉትቦል ዋይድ ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ ተቀባይ) መሆን ለምትመኙ ልጆች፤

ሰሞኑን ከናንተው አንዱ «ኳሱ ሁለቱንም እጄን ነክቶ ከወደቀ ጥፋቱ ሁልጊዜ የኔ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህ ጥያቄ ለዓመታት የሰጠሁት መልስ «አዎ» ብቻ ነበር። ማስረጃዬም የፓትሪዮትሱ ተቀባይ ዌስ ዌልከር ያመለጠው ኳስ ነበር። ያ መልስ አሁን ይቆጨኛል፤ ዓይናችሁ የተጫዋቹ እጅ ላይ ብቻ እንዲቀር አድርጌአለሁና። ስለዚህ ያንን ኳስ ቀስ ብለን ደግመን እንየው።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5፣ 2012 ነው፤ ቦታው ኢንዲያናፖሊስ፣ ጨዋታው የሊጉ የዓመቱ ፍጻሜ፣ 46ኛው ሱፐር ቦውል። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ኒው ዮርክ ጃያንትስን 17 ለ 15 ይመራል። ሊያልቅ 4 ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። ፓትሪዮትስ ከአራቱ ሙከራ ሁለተኛው ላይ ናቸው፣ ኳሱን ይዘው ለመቀጠል 11 ያርድ ይፈልጋሉ፣ ኳሱም በጃያንትስ በኩል 44 ያርድ ላይ ነው። ዌልከር ሽቅብ ሮጦ ከተከላካዮቹ ተላቀቀ። አጠገቡ ማንም የለም። ወርዋሪው (ኳርተርባኩ) ቶም ብሬዲ ወረወረለት። ኳሱ ግን ዌልከር ሲጠብቀው በነበረበት በኩል አልመጣም፤ ከፍ ብሎ በኋለኛው ትከሻው በኩል መጣ። ዌልከር በሩጫ ላይ እንዳለ ተጠማዘዘ፣ ዘለለ፣ ኳሱ ሁለቱንም እጆቹን ነካና ወደቀ። 20 ያርድ መስመር አካባቢ ነበር።

ይህ ሰው በዚያ የውድድር ዓመት 122 ኳስ ይዞ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ የወጣ ነው። እጁ ደካማ ነው የሚል ማንም የለም። ታዲያ ምን ሆነ? ቪዲዮውን አዘግይታችሁ ስታዩ ሥራው ከእጅ በፊት እንደሚጀምር ትረዳላችሁ። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ወደ ሌላው ትከሻው ሲዞር፣ ጭንቅላቱ እስኪዞር ድረስ ዓይኑ ኳሱን የሚያጣበት ቅጽበት አለ። መልሶ ሲያገኘው ኳሱ ደርሷል። እዚያ ላይ መዝለል ሲጨመር ዓይን ይናወጣል፣ ክንድም ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። የተዘረጋ ክንድ ደግሞ ኳሱን ተቀብሎ የሚያለሳልስበት መታጠፊያ የለውም። ኳሱ ጣት ላይ ነጥሮ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ጭንቅላት ይዞራል፣ ያውም በአንድ ጊዜ ፈጥኖ፤ ዓይን ኳሱን ካገኘ በኋላ ትከሻ ይከተላል፤ እጅ መጨረሻ ላይ ይወጣል። መሬት ላይ ሆናችሁ የምትደርሱበትን ኳስ አትዝለሉለት።

ፓትሪዮትስ በሚቀጥለው ሙከራም ስላልተሳካላቸው ኳሱን በእግር መትተው ለተጋጣሚ ለቀቁ (ይህ ፐንት ይባላል)፤ ጃያንትስ ከራሳቸው 12 ያርድ ጀመሩ። ኳርተርባካቸው ኢላይ ማኒንግ የመጀመሪያውን ኳስ በግራው ጠርዝ መስመር በኩል ለተቀባዩ ለማሪዮ ማኒንግሃም ወረወረ። ማኒንግሃም ሁለት ተከላካዮች እየመጡበት ኳሱን በትከሻው አሳልፎ ያዘ፣ ሁለቱንም እግሮቹን መስመሩ ውስጥ አሳረፈ፣ ከዚያ ተገፍትሮ ወጣ። 38 ያርድ። የፓትሪዮትስ አሠልጣኝ ውሳኔው በቪዲዮ እንዲታይ ጠየቁ፤ አልተለወጠም። ጃያንትስ 57 ሰከንድ ሲቀር አስቆጥረው 21 ለ 17 አሸነፉ። እኔ ዌልከርን ብቻ እያሳየሁ ይህንን መዝለሌ ነው ሁለተኛው ስሕተቴ። የማኒንግሃም እጅ ከዌልከር እጅ አይበልጥም፤ ዓይኑ ግን ከኳሱ ላይ አንዴም አልተነቀለም።

የጠርዙ ነገር ከተነሳ፦ በኮሌጅ አንድ እግር ውስጥ ካረፈ ይበቃል፣ በባለሙያዎቹ ሊግ በኤንኤፍኤል ሁለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥልቅ ኳስ ስትሮጡ ከመስመሩ ጋር ተጣብቃችሁ አትሩጡ። ኳርተርባኩ ኳሱን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ እናንተም እግር የምታሳርፉበት ቦታ ያስፈልጋል። ተከላካዩ ገፍቶ ያንን ቦታ ሊበላባችሁ ይሞክራል፤ ትከሻችሁን ተደግፋችሁበት ቦታችሁን ጠብቁ።

የእጅ አያያዝ ቀላል ነው። ከደረት በላይ ለመጣ ኳስ አውራ ጣቶች ይገናኛሉ፣ ከወገብ በታች ለመጣ ትንንሽ ጣቶች ይገናኛሉ። አስቸጋሪው በመካከል ሆድ ላይ የሚመጣው ነው፤ እሱን ጎንበስ ብላችሁ ከደረት በላይ እንደመጣ አድርጉት። ከያዛችሁ በኋላ ዓይናችሁ ኳሱን ብብታችሁ ድረስ ይከተለው። ብዙ ኳስ የሚወድቀው ተጫዋቹ ገና ሳይዘው መሮጥ ስለሚጀምር ነው።

የዛሬ ልጆች ግን ልምምድ ላይ መጀመሪያ የምትሞክሩት በአንድ እጅ መያዝን ነው። የጃያንትሱ ተቀባይ ኦዴል ቤካም በ2014 ከዳላስ ቡድን ጋር ሲጫወት የያዘው ኳስ ያመጣው ነው። በዚያ ኳስ ላይ ተከላካዩ ጥፋት ተፈርዶበታል፤ ሰውየው እየተያዘ፣ ወደ ኋላ እየወደቀ ነው የያዘው። ያ የጭንቅ ቀን መያዣ ነው፣ የማክሰኞ ልምምድ አይደለም።

ሩቶቹን (የተቀባይ የሩጫ መንገዶችን) በቁጥር አጥኑ። በተለመደው አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥሮች ወደ ጠርዝ ይወጣሉ፣ ተጋማሽ ቁጥሮች ወደ መሃል ይገባሉ፤ 2 ስላንት (ሰያፍ ወደ መሃል) ነው፣ 5 አውት (ወደ ጠርዝ መታጠፍ)፣ 8 ፖስት (ርቆ ሄዶ ሰያፍ ወደ መሃል)፣ 9 ቀጥ ብሎ ሽቅብ። ሁሉም ሲጀመር 9 መምሰል አለበት። ከመታጠፋችሁ በፊት እርምጃችሁን ካሳጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ካቀናችሁ ተከላካዩ አወቀባችሁ። ዳሌ ዝቅ ይበል፣ ደረት ከጉልበት በላይ ይቆይ፣ እግር ከሰውነት በታች ይተከል።

ፍጥነትን በተመለከተ የ2017ን ድራፍት፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበትን፣ አስቡ። ተቀባዩ ጆን ሮስ 40 ያርዱን በ4.22 ሰከንድ ሮጦ 9ኛ ተመረጠ። ሌላው ተቀባይ ኩፐር ካፕ በ4.62 ሮጦ 69ኛ ተመረጠ። በ2021 ካፕ 145 ኳስ፣ 1,947 ያርድ፣ 16 ተችዳውን (ኳሱን ይዞ የመጨረሻው ክልል መግባት) አስመዘገበ፤ በሦስቱም ሊጉን መራ። ሮስ ወደዚያ አልተጠጋም።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያላችሁ የሀበሻ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ሩጫ ሲባል የሚታሰበው የኃይሌና የቀነኒሳ ሩጫ ነው፤ አባት ልጁን ለትንፋሽ ብሎ 10 ኪሎ ሜትር ያስሮጠዋል። የተቀባይ ሥራ ግን 5 እና 6 ሰከንድ ሙሉ ኃይል፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል እረፍት፣ ከዚያ እንደገና ነው። ልምምዱም እንደዚያው ይሁን። እናቶች ስለ ጭንቅላት ጉዳት ሲጨነቁ ደግሞ አትሳቁባቸው። ዌልከር ራሱ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በተደጋጋሚ የጭንቅላት መናጋት ደርሶበታል። ራሳችሁን ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ በዚያው ደቂቃ ተናገሩ፣ ውጡ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ቡድን 53 ሰው ይይዛል፤ ከነሱ ተቀባዮቹ 5 ወይም 6 ናቸው። አራተኛውና አምስተኛው ቦታውን የሚያገኘው ኳስ በመያዝ ብቻ አይደለም፤ በፐንት ጊዜ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ሮጦ የተመታውን ኳስ የሚመልሰውን ተጋጣሚ ማስቆም ሲችል ነው። ይህንን ከአሁኑ ተማሩ። ዌልከርም በ2004 በድራፍት ማንም ሳይመርጠው ገብቶ ነው በሊጉ የቆየው፤ በመጀመሪያ ዓመታቱ የተመታ ኳስ ይመልስ ነበር።

አሁን ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። ልጄ፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ ያንተ አይደለም ብዬ ጀምሬአለሁ። ሆኖም ያንን ኳስ ዌልከር መያዝ ነበረበት ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። አወራወሩ አስቸጋሪ ነበር፣ ግን የሚያዝ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ሜዳ ስትሄድ ወርዋሪውን 20 ኳስ ሆን ብሎ ከኋላ ትከሻህ እንዲወረውርልህ ለምነው፤ 10 በቀኝ፣ 10 በግራ። መጀመሪያዎቹን በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ፣ የመጨረሻዎቹን በሙሉ ሩጫ። አንድ ጓደኛህ ኳሱን ሳይሆን ጭንቅላትህን ይመልከት፣ ከትከሻህ ቀድሞ ዞሮ እንደሆነም ይንገርህ።