ሲልደናፊል (ቪያግራ፣ የስንፈተ ወሲብ ኪኒን) ወስደህ ካልሠራልህ

«ከእራት በኋላ ባለ 50 ሚሊግራሙን ሲልደናፊል ወሰድኩ፣ ምንም ለውጥ የለም፤ ሁለት ልዋጥ?» ላልከው፦ አትዋጥ። ችግሩ እራቱ ሊሆን ይችላል። ክትፎ በልተህ ወዲያው ከዋጥከው ቅባቱ መድኃኒቱን ያዘገየዋል። ቀለል ያለ ነገር ብላና ከግንኙነቱ አንድ ሰዓት በፊት ውሰደው። ስሜቱ ከሌለ ደግሞ ኪኒኑ ብቻውን አያስነሳም፤ ቁጭ ብሎ ሰዓት ማየት ዋጋ የለውም።

እንዲህ ደጋግመህ ሞክረህ እምቢ ካለ፣ ሐኪም መጠኑን ወደ 100 ሚሊግራም ሊያሳድገው ወይም እስከ 36 ሰዓት በሚቆየው ታዳላፊል ሊቀይርልህ ይችላል። ስኳርና ግፊትህንም ተለካ፤ ስንፈተ ወሲብ አንዳንዴ ከእነሱ ነው የሚመጣው።

ፋርማሲ ስሠራ የማየው ነገር አለ፦ ሰው አፍሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገዛና የልብ መድኃኒት እንደሚወስድ ሳይናገር ይወጣል። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን የምትወስድ ከሆነ ሲልደናፊልም ታዳላፊልም ክልክል ናቸው፤ ግፊትህን በአንዴ ጥለው ሊገድሉህ ይችላሉ።