ሕክምና ለመማር ለምታመለክቱ ወጣቶች፦ ከደብዳቤው በፊት ስማችሁን አስተካክሉ

በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ በሚገኘው ጤና ጣቢያችን የምትሠራ አንዲት ወጣት ጤና መኮንን ሰሞኑን ሕክምና ለመማር የምታስገባውን ማመልከቻ ይዛ መጥታ፣ «ዶክተር፣ ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ የሚገልጸውን ደብዳቤ በምን ልጀምረው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ ግን አስቀድማ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል እንዲሁም የዲግሪ ማስረጃዎቿን ጎን ለጎን አድርጋ፣ ስሟ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እንድታይ ነገርኳት። እንዲህ ያልኩት እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

በ2004 ዓ.ም. መንግሥት የሐኪም እጥረትን ለማቃለል በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ሲጀምር፣ በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች የማመልከት ዕድል አገኙ። ያን ጊዜ አብሮን የሚሠራ አንድ ነርስ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለው አገር ገና የጤፍ ማሳ ነበርና ምጥ የያዛት እናት ሌሊት በጋሪ ስትመጣ ተረኛው እሱ ከሆነ ልባችን ያርፍ ነበር። የሳንባ ምች የተጠረጠረበትን ሕፃን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራል፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት የሚያባዛ ባልደረባ ሲያይ ከልቡ ያዝን ነበር።

የዚህ ሰው ስም እንደ ገብረ መድኅን ከሁለት ቃላት የተጣመረ ነበር። በማትሪክ ማስረጃው ላይ በላቲን ፊደል ተነጣጥሎ በመጻፉ ሁለተኛው ቃል የአባቱ ስም፣ የአባቱ ስም ደግሞ የአያቱ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ በዲግሪው ላይ ግን ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው እንደ አንድ ስም ተጽፈዋል። የተወለደው በጥር 1970 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር 8 መደመር ሲገባው 7 ተደምሮ 1977 ተብሎ ተጽፏል። ማመልከቻውን የተቀበለው ክፍል «ይህ የሁለት ሰው ማስረጃ ነው» ብሎ መለሰው። ፍርድ ቤት ሄዶ ስሙን አስወሰነ፤ የተማረበት ተቋም ደግሞ የውሳኔውን ኦሪጅናል ካላየሁ አላስተካክልም አለ፤ ወረቀቱ ሲስተካከል ምዝገባው አልፎ ነበር። በዓመቱ የቤተሰብ ኃላፊነት መጣበትና ሳያመለክት ቀረ። እሱ ሐኪም ቢሆን ኖሮ የዚህ አካባቢ ሕዝብ ያገኝ የነበረውን ሳስብ ያመኛል።

ሐኪም በወረቀት አይለካም ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ስለ ወረቀት ነው። እናንተ ከእኛ ትውልድ ይልቅ ደፍራችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ይህንንም እወድላችኋለሁ፤ ነገር ግን ማስረጃን በስልክ ፎቶ ማንሳት የተዘጋጀ ፋይል እንደማኖር ትቆጥሩታላችሁ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ታሽጎ ከተቋም ወደ ተቋም የሚላክ እንጂ በእጃችሁ የሚሰጥ አይደለም፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ደግሞ የወጪ መጋራት ክፍያችሁ ሳይጠናቀቅ ሬጅስትራሩ አይልክላችሁምና ማስታወቂያ ሳይወጣ ገና ጠይቁ። ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምትገቡት ምደባችሁ በአብዛኛው በውጤትና በምርጫ ቅደም ተከተል ስለሆነ ደብዳቤ አይጠየቅባችሁም፤ የስሙ ጉዳይ ግን እናንተንም ይመለከታል። ጠንክራችሁ አጥኑ ብዬ አልመክራችሁም፤ እዚህ የደረሰ ሰው ያውቀዋል።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሕዝቤን ማገልገል ሕልሜ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መላልሼ አንብቤዋለሁ፤ ማን እንደጻፈው ግን አንድም ጊዜ አልነገረኝም። በምትኩ በሥራችሁ ላይ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ታካሚ፣ ያደረጋችሁለትንና ከዕውቀታችሁ በላይ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ሪፈር የጻፋችሁበትን ምክንያት ግለጹ። የታካሚውን ስምና ሰፈር ግን አትጻፉ።