ሥራ ያስተማሩኝን ሰው ስንት ልሙላላቸው?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። በአንድ መጋዘን የገቢና ወጪ ምዝገባ ኃላፊ ከሆንኩ ዓመት ሞላኝ። በሥሬ ካሉት አንዱ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ምዝገባው ከካርድ ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ወዲህ ግን ቁጥር ይሳሳታሉ። ወጣቶቹ እያረሙላቸው ያጉረመርማሉ። አሁን የስድስት ወሩ ኢፊሸንሲ፣ ማለትም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ደርሷል። ባለፈው ለሁሉም 95 ሞልቼ ተገላገልኩ። ዘንድሮም እንደዚያ ባደርግ ልጆቹን እበድላለሁ። እውነቱን ብሞላ ደግሞ የበላበትን ወጪት ሰባሪ እሆናለሁ። ምን ይሻለኛል?

ጨንቆኝ፣ ከሳቢያን

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን ልጠይቅህ፤ ጋሼን ኮምፒውተሩን ማን አሳያቸው? በደብዳቤህ ውስጥ ሥልጠና የሚል ቃል አላየሁም። እሳቸው አንተን ሲያስተምሩህ ስንት ቀን አጠገብህ ቆመው ነበር?

ነገሩ ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 28 እንደሚለው ሠራተኛ በችሎታ ማነስ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። የኅብረት ስምምነት ሌላ ካላለ፣ ማነሱ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚሞላው ምዘና ነው። ያው አንቀጽ የተዘጋጀለትን ሥልጠና አልወስድም ያለን፣ ሠልጥኖም ያልቻለን ሠራተኛ ያነሳል። ጋሼ ግን ገና ዕድሉን አላገኙም። የምትጽፈው ቁጥር እንጀራቸው ላይ ሊደርስ ይችላል።

95 ሞልቶ መገላገሉም አያዋጣም። ዕድገት ሲመጣ ጎበዙ ልጅ በምን ይለይ? ለጋሼም ቢሆን፣ ወረቀቱ 95 እያለ ሥልጠና ይሰጣቸው ብትል ማን ይሰማሃል?

ስለዚህ ነጥቡን በየመስፈርቱ ሙላ። ዕቃ አያያዝ ላይ፣ ሰዓት ማክበር ላይ ጎበዝ ከሆኑ የሚገባቸውን ስጣቸው። ምዝገባው ላይ ዝቅ አድርግ፤ ስህተቶቹን ከነቀናቸው ጻፍ። ከሥሩም «በኮምፒውተር ምዝገባ ሥልጠና አልተሰጣቸውም» በል። ይህ ዓረፍተ ነገር እንዳይረሳህ።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ግን ከአንተው አፍ ይስሙት። ልጆቹ ፊት አይሁን፤ በቀትር ሐሩርም አይሁን። አመሻሽ ላይ፣ ነፈስ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ጋብዛቸው። «ጋሼ፣ ምዝገባው ላይ ዝቅ አድርጌ ልሞላ ነው፤ ያላሳየንዎት እኛ ነን፤ አብረን እናስተካክለዋለን» በላቸው። ሊከፋቸው ይችላል። ይክፋቸው፤ ተናግረው እስኪጨርሱ ዝም ብለህ ስማ።

ከዚያ ሥልጠናውን ከበላይህ በጽሑፍ ጠይቅ። መልሱን ግን ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ መኪና ሳይገባ፣ ግማሽ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጥ።