ካርታው ላይ ያልነበሩት ሰዎች

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶች እቤቴ መጡ። በቅርቡ የተመረቁ ናቸው። ቡና ተፈልቶ ነበርና ቁጭ ብለን አወጋን። እዚህ ጅማ ስላለው የቦዬ ረግረግ የጻፉትን የኢኮቱሪዝም፣ ተፈጥሮን ሳይጎዱ የማስጎብኘት ማለት ነው፣ ዕቅድ ይዘዋል። የጉማሬ ማያ ማማ አለው፤ ጀልባ አለው፤ ትንሽ ሎጅም አለው። ካርታው በኮምፒውተር የተሠራ፣ ያማረ ነው። አገላብጬ አየሁትና አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ቄጠማ የሚያጭዱት ሴቶች የት አሉ? ጡብ የሚሠሩት ልጆችስ?» ዝም አሉ። ካርታው ላይ ውኃና ሣር እንጂ ሰው አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔም በእነሱ ዕድሜ ይህንኑ ካርታ ሠርቻለሁና። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእነሱ ብቻ ሳይሆን፣ ተፈጥሮን መጠበቅ ሙያዬ ይሁን ላላችሁ ሁሉ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በዓሣና በውኃ ሀብት ሥራ ነው። በ1970ዎቹ ከጅማ ዝናብ ወጥቼ ምፅዋ ተመደብኩ። ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅም። ሥራዬ ወደብ ላይ ቆሞ መመዝገብ ነበር። የዓሣው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የጀልባው ቁጥር። አንድ ሽማግሌ ናኹዳ፣ ሳምቡክ የሚባለው ትልቅ ጀልባ አዛዥ ማለት ነው፣ ቅጹን አየና የጀልባው ባለቤት የሚጻፈው የት ላይ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቦታ እንደሌለው ነገርኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አንድ ማጥመጃ ቦታ ቢዘጋ ባለሳምቡኩ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጅ አለው። ሁሪ በምትባለው ትንሽ ጀልባ ከዳር ከዳር የሚያጠምደው ግን ቤቱ ይቀመጣል። ክልከላው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ረሃቡ ግን የአንዱ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማረኝም ነበር።

ጅማ ተቀምጦ ስለ ባህር ማውራት ምን ይሉታል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የእኛ ውኃ ባህር አይደርስም። አዌቱ ወደ ቦዬ ይወርዳል፤ ከዚያ ግልገል ጊቤ ይገባል፤ በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ግን የባህር ሰዎች ከእኛ ቀድመው ብዙ ሞክረዋል፤ ብዙም ተሳስተዋል። የእነሱን ስህተት እዚህ መድገም የለብንም።

ፊሊፒንስ ውስጥ ሱሚሎን እና አፖ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች አሉ። በሁለቱም አንሄል አልካላ የሚባሉ የባህር ሳይንቲስትና የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ሠርተዋል። ሱሚሎን ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓሣ የሚጠለልበት ኮራል የሚባለው የባህር ውስጥ ድንጋይ መሰል ነገር ሩብ ያህል ከማጥመድ ተከለለ። ዓሣው በዛ፤ ከክልሉ ውጪ የሚያጠምዱትም ተጠቀሙ። ሳይንሱ ትክክል ነበር። በ1984 ግን የአካባቢው ፖለቲካ ተለወጠና ክልሉ ለማጥመድ ተከፈተ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከዙሪያው የሚገኘው ምርት ወደ ግማሽ ተጠግቶ ወረደ። አስቡት፣ የአሥር ዓመት ጥበቃ በአንድ የአስተዳደር ለውጥ ሄደ።

አፖ ላይ ግን ሌላ መንገድ ተያዘ። ባለሙያዎቹ እየተመላለሱ ከነዋሪው ጋር ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የደሴቱ ሰዎች ራሳቸው ከባህሩ ትንሽ ቁራጭ መርጠው ዘጉ። ጠባቂዎቹም እነሱው ሆኑ። ዓሣው ተመለሰ፤ ጠላቂ ጎብኚዎች መጡ፤ ሴቶቹ ቲሸርት መሸጥ ጀመሩ። ከንቲባ ቢለወጥም ክልሉ አልፈረሰም፤ ምክንያቱም የከንቲባው አልነበረም።

የአፖ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 ደሴቱ በብሔራዊ ሕግ የተጠበቀ ቦታ ተባለ። ክብር ነው። ግን ውሳኔው ወደ ቦርድ ሄደ፤ ከጎብኚ የሚሰበሰበው ገንዘብም መንግሥት ካዝና ደርሶ እስኪመለስ ይጠበቅ ጀመር። የራሳቸውን ባህር ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች በራሳቸው ጉዳይ ከብዙ ድምፆች አንዱ ብቻ ሆኑ። ጥሩ ነገር ሲሳካ ከላይ የሚወስደው ይመጣል። ዕቅድ ስትጽፉ ይህንንም አስቡ።

ሁለተኛው የምነግራችሁ ጉዳይ ያሳዝነኛል። ቻጎስ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ያሉ ደሴቶች ናቸው። ሰዎች ነበሩባቸው፤ ኮኮናት እያመረቱ፣ ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ ነበር። እንግሊዝ ዲዬጎ ጋርሺያ ላይ ለአሜሪካ የጦር ሰፈር ለመስጠት ስትል እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 ነዋሪውን አስወጥታ ሞሪሸስና ሲሸልስ አራገፈችው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ እዚያው ባህር ላይ ግዙፍ የባህር ጥብቅ ክልል አወጀች። 640,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከኢትዮጵያ ስፋት ከግማሽ በላይ። ማጥመድ ተከለከለ። የጦር ሰፈሩ ያለበት ደሴት ግን ከክልሉ ውጪ ተደረገ። በዓለም የታወቁ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች አጨበጨቡ። ኋላ ሾልኮ የወጣ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት ደግሞ ክልሉ የቀድሞ ነዋሪዎችን የመመለስ ጥያቄ እንደሚያከብድ ባለሥልጣናት ሲነጋገሩ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ እንግሊዝ ክልሉን ስታውጅ ደሴቶቹ ይገቡኛል ለምትለው ለሞሪሸስ ያለባትን ግዴታ ጥሳለች ሲል ወሰነ።

ኮራሉ እውነተኛ ነው። ዓሣውም እውነተኛ ነው፤ መጠበቅ ይገባዋል። ግን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አጥር ሁሉ ለዛፍና ለዓሣ ሲባል አይታጠርም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው እስከ 2030 ድረስ ከምድሩም ከባህሩም 30 በመቶ ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ስምምነቱ የነባር ሕዝቦችና የአካባቢ ነዋሪዎች መብት ይከበር ይላል። ይህን ቃል መሬት ላይ የሚያወርዱት ወይም የሚያስቀሩት እንደ እናንተ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። ካርታውን የምትስሉት እናንተ ናችሁ።

ደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር፣ አንዳቫዱዋካ የሚባል መንደር ደግሞ በትንሹ ጀመረ። እዚያ ሴቶች ባህሩ ሲሸሽ በእግራቸው ወጥተው ኦክቶፐስ፣ ስምንት ክንድ ያለው የባህር እንስሳ፣ ይለቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ቦታ ለጥቂት ወራት ብቻ ተዘጋ። ኦክቶፐስ ቶሎ ያድጋል። ሲከፈት ትልልቅ ሆኖ ተገኘ። ሌሎች መንደሮች አይተው ተከተሉ፤ ዲና በሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው አጸኑት። ሰው ያየውን ያምናል። ለእኛ አገር የሚስማማው እንዲህ ዓይነቱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ጅማ ዙሪያ፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ጨፌ እንዲታጠር አደረገ። ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ጠራን፤ አበል ከፈልን፤ ሰው ፈረመ። ያ የአበል ፊርማ ሪፖርቱ ላይ «የኅብረተሰቡ ስምምነት» ሆኖ ገባ። ሽቦ ተወጠረ፤ ጠባቂ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ክረምት ሣሩ ወገብ ደረሰ፤ ወፎቹ መጡ፤ ፎቶ አነሳን። ዓመት ሳይሞላ ሽቦው የለም። እኔም «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት አለበት» ብዬ ጻፍኩ።

በኋላ አንዲት ቄጠማ ሻጭ እናት እውነቱን ነገሩኝ። ከአጥሩ በፊት ጠዋት አጭደው ገበያ ያወጡ ነበር። ከአጥሩ በኋላ የሚያጭዱት ማታ ነው፤ ለጠባቂውም ይከፍላሉ። እኔ የፈጠርኩት ጥበቃ ሳይሆን ቀረጥ ነበር። ቄጠማው እንዲያገግም የትኛው ጥግ በየትኛው ወር መተው እንዳለበት እሳቸው ያውቁ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። ስብሰባው ላይ ከኋላ ተቀምጠው ነበር።

«ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አልወደውም። ግንዛቤ መጨበጥ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለ ቱሪዝሙ ገንዘብም ልንገራችሁ። ኢኮቱሪዝም ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጎብኚው ነው። እናንተ የብሩን መንገድ ተከተሉ። ትኬቱን የሚቆርጠው ማን ነው? የጀልባው ማኅበር ሲደራጅ የሚገባው ማን ነው፣ ቀበሌ ዘመድ ያለው ነው ወይስ ከብቱን እዚያ ያሰማራ የነበረው? ጡብ የሚሠራው ልጅ ጭቃውን ሲተው በምትኩ ምን ይይዛል? አስጎብኚ አድርገን እንቀጥረዋለን አትበሉኝ። አስጎብኚ አራት ሰው ይበቃል፤ ጡብ ሠሪው ብዙ ነው። ደግሞ ጎብኚ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ በዓለም ዙሪያ መረቡን ጥሎ ቱሪዝም የያዘ ዓሣ አጥማጅ በአንድ ወር ውስጥ ገቢ አጣ። የድሮ ሥራውን ጨርሶ ያልተወው ተረፈ። ስለዚህ ከሰው እጅ የቆየ እንጀራ ስታስለቅቁ ሙሉ በሙሉ አታስለቅቁ።

ፖለቲካ አልወድም የምትሉ አላችሁ፤ ገብቶኛል። ዘመኑ ያስፈራል። ግን የትኛው ዳር ይዘጋ፣ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ ብሎ መወሰን ራሱ ፖለቲካ ነው። ባለሙያው ዝም ካለ ለእሱ የሚወስንለት አይጠፋም። የምትችሉትን ያህል፣ በጨዋነት፣ ጥያቄውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። «ይህ ቦታ ቢዘጋ የሚጎዱት እነዚህ ናቸው» የሚል አንድ ገጽ ከዕቅዱ ፊት ይግባ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ገጽ አልጻፍኩም።

ለሁለቱ ወጣቶች ደውዬላቸዋለሁ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ ቄጠማ ተሸካሚዎቹ በማለዳ ይነሳሉ። 12 ሰዓት ላይ ቦዬ ዳር እንገናኛለን። ካርታውን አትመው እንዲያመጡ ነግሬአቸዋለሁ፤ እርሳስና ላጲስም እንዲይዙ። ያቺ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጃቸው ግን አሁንም እዚያው ታጭዳለች። መጀመሪያ የምናናግረው እሷን ነው።