ምግብ የሚያመጣልህ ማነው?

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ጅማ ውስጥ 30 ዓመት ያህል የአእምሮ ሕመምተኞችን ሳስታምም የኖርኩ ነርስ ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሐምሌ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ልብ ወለድ አነባለሁ። አንዳንዶቻችሁ «የልብ ወለድ ሰው ሁሉ የተጨነቀ ነው፤ ምን ያደርግልናል?» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ብዙ ተምሬበታለሁ።

የሩሲያዊውን ደራሲ የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ራስኮልኒኮቭ ገንዘብ አጥሮት ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠ ወጣት ነው። በጠባብ የኪራይ ክፍል ተኝቶ ይውላል። የቤቱ ሠራተኛ ሻይና ሾርባ ካላመጣችለት የሚበላም አይመስልም። ምን እየሠራህ ነው ስትለው እያሰብኩ ነው ይላታል። እናቱ ከአገር ቤት መጥታ ክፍሉን ስታይ የሬሳ ሣጥን ይመስላል አለች። የጭንቀትህ ግማሹ ከዚህ ክፍል የመጣ ነው አለችው። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ቁጭ አልኩ። እናት እንዲህ ናት፤ ሳትመረምር ታውቃለች።

ጓደኛው ራዙሚኺንም እንደሱ ድሃ ነው። እሱም በገንዘብ ምክንያት ትምህርቱን አቋርጧል። የብርዱን ወራት ክፍሉን ሳያሞቅ የከረመበት ጊዜ አለ። ግን ያገኛትን ይሠራል። ራስኮልኒኮቭ ሲመጣበት ከሚተረጉመው ሥራ አካፍሎ ሰጠው፤ 3 ሩብልም ጨመረለት። ያኛው ወረቀቱንና ብሩን ይዞ ወጣ። መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ትንፍሽ ሳይል ሄደ።

ተስፋ መቁረጥን እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ የለም። እርግጥ ራስኮልኒኮቭ በዚያ ሰዓት ሰው ገድሏል፤ ሸክማቸው እኩል አይደለም። በሩን መዝጋት የጀመረው ግን ከግድያው በፊት ነው።

የእኛው ጉዱ ካሳስ? በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰዉ እንደ እብድ ነው የሚያየው። ሥርዓቱ እንዲሁ እንደማይቀጥል የሚያየው ግን እሱ ነው። ብቸኛ ቢሆንም ከበዛብህ ጋር መነጋገሩን አልተወም። ለእኔ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ባለ ተስፋው እሱ ነው።

ከዓመታት በፊት እዚሁ ጅማ ኮቺ አካባቢ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አመጡልኝ። ውጤቱ ተበላሽቶበት ሁለት ሳምንት ከክፍሉ አልወጣም። ምን ሆንክ ብለው ዝም አለ።

«ምግብ የሚያመጣልህ ማነው?» አልኩት።

ቀና አለ። «አከራዬ። ፍርፍር በሰሃን ከድና በሩ ላይ ታስቀምጥልኛለች።»

«ታንኳኳለች?»

«አዎ።»

«ትከፍትላታለህ?»

«ስትሄድ ነው የማነሳው።»

ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነም በግልጽ ጠየቅሁት። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል ብሎ ይፈራል። አያመጣም። ጓደኛችሁ በሩን ከዘጋ እናንተም ጠይቁት፤ እሱ አስቤያለሁ ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ ይዛችሁት ወደ ሕክምና ሂዱ። ልጁ እያለቀሰ መለሰልኝ። መድኃኒትም ክትትልም አስፈልጎታል። በዚያ ቀን ግን ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ነገር ለመንኩት፤ ማታ ስታንኳኳ ክፈትላት።

በሦስተኛው ቀጠሮ ብቻውን አልመጣም። አከራዩ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።