የአሮጌ ቱርቦ ፕራዶ ጭስ ማውጫ፦ ያለህን ብር የመጀመሪያው አንድ ሜትር ላይ አውለው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ለሌላውም እንዲገባው ላሳጥረው። መኪናህ እ.ኤ.አ. የ1997 ፕራዶ ናት፤ 3 ሊትር 1ኬዜድ ቱርቦ ናፍታ። ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው በርሜል) በዝገት ተበሳስቷል፣ ዳገት ላይ መሳብ ቀንሳለች። ጅማ ውስጥ ያሳየኸው በያጅ «ማርሚታውን አውጥተን ከመሃል ወደ ኋላ ባለ 3 ኢንች ቱቦ እንግጠምበት፣ ትበራለህ» ብሎሃል። ብርህ ውስን ነው፤ ይሁን ወይስ ይቅር ነው ያልከው።

ይቅር። ድምፁ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ግን እዚያው ነው። መኪናህን የሚያፍናት ከቱርቦው (በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር ከሚገፋው ዕቃ) አፍ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርደው የመጀመሪያው አንድ ሜትር ነው። ጭሱ ከቱርቦው ሲወጣ ገና በጣም ትኩስ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየቀዘቀዘ ይሰበሰባል። ሰፊ ቱቦ የሚያስፈልገው ከፊት ሆኖ ሳለ እኛ ጋ ሁልጊዜ የሚሰፋው የኋላው፣ ሰው የሚያየውና የሚሰማው ጫፍ ነው። ባለመኪናው ጩኸቱን ሰምቶ ጉልበት የገዛ ይመስለዋል። ይሄ ከልብ ያበሳጫል፤ ብዙ ሰው ለፍቶ ያገኘውን ብር ያፈሰሰበት ነገር ነው።

«ሞተር ትንሽ አፈና ይፈልጋል» የሚሉህንም አትስማ። ቱርቦ የሚሽከረከረው ከፊቱና ከኋላው ባለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ከኋላው ያለው ግፊት ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይነሳል። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ያንኑ ያህል አየር ለማስገባት ቱርቦው የበለጠ መሽከርከር አለበት። መውጫው ከታፈነበት ዘግይቶ ይነሳል፤ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የግቤን ዳገት የምትወጣው በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትክ ይሆናል።

1. ምንም ከመቁረጥህ በፊት መታፈኗን አረጋግጥ። ዳገት እምቢ ማለት ሁልጊዜ የጭስ ማውጫ ጥፋት አይደለም። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ወደ ብርሃን ያዘው። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ጎማ ከሥሩ በእጅህ ዳብሰው፤ ማሰሪያው አካባቢ ዘይት ካረጠበው እዚያ ጋ ይተነፍሳል። ከዚያ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ ሰብስቦ ለቱርቦው የሚያቀብለው ብረት) ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ ጋር የሚገናኝበትን በእጅ ባትሪ እይ። ጥቁር የጥላሸት ጭረት ካለ፣ ወይም ጠዋት ሲነሳ «ቲክ ቲክ» ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ፣ ጓርኒሲዮኑ (መሃላቸው ገብቶ ጭስ እንዳያመልጥ የሚዘጋው) አልቋል ወይም ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል። ከቱርቦው በፊት የሚተነፍስ ሞተር ላይ የቱንም ያህል ሰፊ ቱቦ ብትገጥም ለውጥ አታይም፤ መጀመሪያ እሱን ዝጋ።

መለካት ከፈለግክ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከቱርቦው ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ (መውረጃውን) አውጥተህ (ቡሎኖቹን ከመንካትህ በፊት ቁጥር 2ን አንብብ)፣ ከላይኛው ፍላንጅ፣ ማለትም በቡሎን ከሚታሰረው የቱቦው ጠርዝ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለህ ትብሳለህ፤ ቀዳዳው ላይ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዳዶ ትበይዳለህ። ቱቦውን መልሰህ ስትገጥም እዚያ ላይ አንድ ሜትር የመዳብ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ከ0 እስከ 1 ባር የሚያነብ ጌጅ ታስራለህ። መዳቡ ረጅም መሆኑ ጌጁ በሙቀት እንዳይቃጠል ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ ዳገት፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፤ ንባቡን አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ይያዝልህ። ከ0.2 ባር በላይ ካሳየ ታፍናለች። ከ0.1 በታች ከሆነ ግን ቱቦው ላይ ብር አታባክን፤ የተበሳሳውን ማርሚታ ብቻ ቀይር። ሲያልቅ ዳዶውን በቡሎን ድፈነው።

2. የቱርቦው ቡሎኖች። ከሁሉ ውድ የሆነው ስህተት እዚህ ነው የሚሠራው። ያረጁት ቡሎኖች ከብረቱ ጋር ተጣብቀዋል፤ ባለሙያው ቸኩሎ ረጅም ቁልፍ አስገብቶ ሲጎትት ቡሎኑ ከቱርቦው አካል ጋር እኩል ሆኖ ይበጠሳል። ከዚያ በድሪል ማውጣት፣ ጥርስ ማበላሸት፣ ብሎም ቱርቦ ማውለቅ ይመጣል። የመቶ ብር ዘይት ያድን የነበረ ነገር የቱርቦ ዋጋ ያስከፍልሃል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት የዝገት መፍቻ ዘይት ነፍተህ አሳድረው፤ ጠዋት ድገመው። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ንካው፤ ዝገቱ ሲሰነጠቅ «ቀጭ» ይላል። ከዚያ ሩብ ዙር ፍታ፣ መልስ፣ ዘይት ጨምር። እምቢ ካለ ዳዶውን ብቻ በጋዝ አግለው፤ ቡሎኑን አይደለም። ስትገጥም አዲስ ዳዶና የመዳብ ግሪስ ተጠቀም፤ የሚቀጥለው ሰው ይመርቅሃል።

ቱቦው ከወረደ በኋላ አፉን ጎንበስ ብለህ በስልክህ መብራት እየው። ብዙ ጊዜ የምታየው ይሄን ነው፦ ቱቦው ራሱ ሰፊ ነው፣ የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ግን ከቱቦው አፍ ጠቦ ዙሪያውን እንደ ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከሥሩ ደግሞ የድሮ ብየዳ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ጥላሸቱም የሚጠራቀመው እዚያው ከንፈር ሥር ነው። ይህን ብቻ በግራይንደር አስተካክለህ ቀዳዳውን ከቱቦው ጋር እኩል ብታደርገው፣ ብዙ ብር ሳታወጣ ቱርቦው ቀድሞ ሲነሳ ታየዋለህ። ጓርኒሲዮኑ የብረት ወይም የግራፋይት ይሁን። ወረቀት በሲሊኮን ቀብተው ሲሰጡህ አትቀበል፤ ሲሊኮን ቢበዛ እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ነው የሚችለው፣ እዚያ ቦታ ያለው ሙቀት ዳገት ላይ ከዚያ በብዙ ያልፋል።

3. ስፋቱ። ለ3 ሊትር ናፍታ 2.5 ኢንች በቂ ነው። ግድግዳው 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የባለ 2 ኢንች ቱቦ የውስጥ ስፋት ወደ 1,780 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የባለ 2.5 ኢንቹ ወደ 2,850 ነው፤ በአንድ ጊዜ 60 በመቶ ጨመርክ ማለት ነው። 3 ኢንች በዚህ ጉልበት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ከኋላ አክስል በላይ ሲያልፍ ቦታ ያጣል፤ ኮረኮንች ላይ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል።

ቱቦውን ስትገዛ የውኃ መስመር ጋልቫናይዝድ አይሁን። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከባድ ነው፤ ሲበየድ ደግሞ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። በያጁ ማታ ላይ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። የሰው ጤና ነውና እምቢ በል። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ጥቁር ቱቦ ይሻላል። አልሙኒየም የተቀባ ብረት አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሱማሌ ተራ ካስላክ ደግሞ እንደ ጅማ ባለ ዝናብ የማይለየው አገር ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። መታጠፊያውን እንዲያው ጉልበት ላይ አስደግፈው ሲያጣጥፉት ውስጡ ይጨፈለቃል፣ የገዛኸው 2.5 እዚያ ጋ 2 ይሆናል። በአሸዋ ሞልተው አግለው ካጠፉት አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆኑን አረጋግጥ፤ እርጥበት ካለው እንፋሎት ሆኖ መክደኛውን እንደ ጥይት ይወረውረዋል። እሱ ካልተቻለ በግራይንደር ሸንሽኖ መበየድ ነው፤ ለ90 ዲግሪ ከአምስት ቁራጭ አይነስ።

4. ብየዳ። ይህ ቁጥር ሊረዝም ነው፤ ምክንያቱም የአንተ 1ኬዜድ የናፍታ ፓምፕ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። የብየዳ ማሽን ከመብራቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፣ የኮምፒውተሩ ሶኬትም ይነቀል። «ምንም አይሆንም፣ ስንት ዓመት ስንሠራ» ቢሉህ አትስማ፤ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል የሚከፍልልህ የለም። የማሽኑ አርዝ (የመመለሻ ገመዱ መቆንጠጫ) የሚታሰረው ከሚበየደው ቦታ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ቱቦው ላይ ነው። ባምፐር ላይ ወይም ሻንሲ ላይ ካሰሩት ኤሌክትሪኩ መንገድ ሲፈልግ በካምቢዮና በቱርቦ ኩሽኔታ ውስጥ ያልፋል፤ ኩሽኔታው ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣል። ችግሩ የሚሰማው ከወራት በኋላ ስለሆነ ማንም ከብየዳው ጋር አያገናኘውም።

ከሁሉ የሚሻለው መኪናው ላይ ሆኖ በነጥብ ብቻ ማያያዝ፣ ከዚያ አውርዶ መሬት ላይ መጨረስ ነው። ለ1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ 6013 ኤሌክትሮድ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ካልተገኘ 2.5፣ ከ50 እስከ 65 አምፔር። ከዚያ በላይ ካደረጉት ይበሳዋል፣ ሲደፍኑት ውስጥ ለውስጥ ይንጠለጠላል። ፍላንጁ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ብረት ይሁን፤ ሲበየድ ከሌላ ወፍራም ብረት ጋር በቡሎን ታስሮ፣ እስኪቀዘቅዝም አይፈታ። ያለዚያ ይጣመምና ጓርኒሲዮን በላ እያልክ በየወሩ ትመላለሳለህ። ማኒፎልዱን ለመበየድ ከተገደድክ ደግሞ አውልቀህ ይሁን፤ አንዲት የብየዳ ፍርፋሪ ወደ ቱርቦው ከገባች ቢላውን ትበላዋለች።

ከመውረጃው ቀጥሎ የሚተጣጠፍ፣ ባለ ሽቦ ጥልፍ ፍሌክሲብል አስገባ። ናፍታ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ ይወዛወዛል፤ ቱቦው ግትር ከሆነ ውዝዋዜውን የሚሸከመው የቱርቦው ፍላንጅ ነው፣ እሱም ይሰነጠቃል። ይህን ቆርጦ ጥሎ በቀጥታ ቱቦ የሚተካ በያጅ ካየህ ሥራውን አስቁመው።

ማርሚታውን በተመለከተ፣ ሱቅ ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውጫቸው አዲስ ቀለም፣ አፋቸው 2.5 ኢንች፣ ውስጣቸው ግን ጠባብና የተጠማዘዘ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በአንድ ጫፍ ዓይንህን አድርግ፣ በሌላው መብራት ይያዝልህ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ክብ ብርሃን ካላየህ አትግዛ። ሻጩ «ለምን ታያለህ፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ቢቆጣም እይ። በርካሽ ማሠራትም ይቻላል፦ ባለ 2.5 ኢንች ቱቦ 40 ሳንቲ ሜትር ያህሉን በ4 ሚሊ ሜትር ድሪል ወንፊት ታደርገዋለህ፣ መጀመሪያ የብረት ጭረት ትጠቀልልበታለህ፣ ከዚያ የመስታወት ሱፍ፣ ከላይ የላሜራ በርሜል። የብረት ጭረቱ ከሌለ ጭሱ ሱፉን በጥቂት ወር ጠርጎ ያወጣዋል። ከሥሩ ዝቅተኛው ቦታ ላይ አንድ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተው። እዚያው ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ እየተመላለሰች የምትውል መኪና ማርሚታዋ በደንብ ሳይሞቅ ነው የምትጠፋው፤ ውኃው ውስጡ ተኝቶ ይበላዋል።

ቱቦው ከፍሬን መስመርና ከነዳጅ ጎማ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከኋላ አክስሉ በላይ ስታሳልፈው ሻንሲውን በክሪክ አንሥተህ አክስሉ ተንጠልጥሎ፣ ከዚያ ወርዶ ተጭኖ ሁለቱንም እይ። ጫፉ ከኋላ በር አልፎ ወደ ጎን ይውጣ። ብር ለመቆጠብ ሆዷ ሥር የሚቆርጡት አሉ፤ የፕራዶ የኋላ በር ጎማ ካረጀ ጭሱ ሕፃናት የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ነው የሚገባው። ይሄን በብር አትደራደርበት።

ብሩ ለሁሉም ካልበቃ በቅደም ተከተል ሂድ፦ ጓርኒሲዮንና ፍላንጅ ማስተካከል፣ መውረጃውና ፍሌክሲብሉ፣ ቀጥሎ ማርሚታው፣ የኋላው ቱቦ መጨረሻ። የኋላው ካልተበሳ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ይቆይ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የናፍታና የቤንዚን የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለችህን መኪና በደንብ መያዝ ያዋጣሃል።

ከተገጠመ በኋላ የቱርቦውን ግፊት በጌጅ እይ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረውንም መዝግበህ ያዝ። መውጫው ሲከፈት ቱርቦው ከበፊቱ በላይ ሊገፋ ይችላል። ከ0.1 ባር በላይ ከጨመረ የግፊት መልቀቂያው ይሠራ እንደሆነ አስመርምር። ጉልበቱ ሲሰማህ «ናፍታ ትንሽ ጨምርበት» የሚል ይመጣል። የ1ኬዜድ ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። ከቱርቦው በፊት የሙቀት ጌጅ ሳይኖርህ ነዳጅ እንዳታስነካ፤ ጌጅ ካለህም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ።

ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የቱርቦውንና የፍላንጁን ቡሎኖች ሁሉ እንደገና አጥብቅ። ጓርኒሲዮኑ በሙቀት ተጭኖ ይላላልና ይህ ካልተደረገ በሁለተኛው ወር እዚያው ቦታ ላይ ጥቁር ጭረት ታያለህ።